ከሆስፒታል አስተዳደር ጋር የኅብረት ስምምነት መደራደር፦ ለአዲስ የድርድር ኮሚቴ አባል ነርሶች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሚኒሶታ መንትያ ከተሞችና በሲያትል ባሉ ሆስፒታሎች፣ በተለይም በሌሊት ሺፍት፣ አማርኛ ተናጋሪ ነርስ ማግኘት ብርቅ አይደለም። የነርሶች የሠራተኛ ማኅበር ከሆስፒታሉ አስተዳደር ጋር በሚቀመጥበት የድርድር ጠረጴዛ ላይ ግን እኔ እስካየሁት ድረስ ቁጥራችን እጅግ ያነሰ ነው። ይህ መመሪያ በአሜሪካ በግል ሆስፒታል ውስጥ የምትሠራና በባልደረቦቿ ተመርጣ ለመጀመሪያ ጊዜ የድርድር ኮሚቴ አባል የሆነች ነርስ፣ ኮንትራት የምንለው የኅብረት ስምምነት ከሚያበቃበት ቀን በፊት ካሉት ወራት ጀምሮ አዲሱ ስምምነት ሥራ ላይ እስኪውል ድረስ ምን በምን ቅደም ተከተል መሥራት እንዳለባት ያሳያል። አብዛኛው ክፍል የሚናገረው ከጠረጴዛው በፊት ስላለው ሥራ ነው፤ ምክንያቱም ጠረጴዛው ላይ የሚገኘው ውጤት በአብዛኛው የሚወሰነው ቀደም ብሎ በተሰበሰበው ወረቀት እንጂ በዕለቱ በሚደረገው ንግግር አይደለም።

መጀመሪያ፦ የትኛው ሕግ እንደሚገዛዎት ይለዩ

የ1935ቱ የአሜሪካ ብሔራዊ የሠራተኛ ግንኙነት ሕግ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎችን በሙሉ የሚያካትተው በ1974 ከተሻሻለ በኋላ ነው። በዚሁ ማሻሻያ ለጤና ተቋማት ብቻ የሚሠሩ ረዘም ያሉ የማስታወቂያ ጊዜያት ተጨምረዋል። ሆስፒታሉ የካውንቲ ወይም የግዛት መንግሥት ከሆነ ግን የሚሠራው የዚያ ግዛት ሕግ ነው፤ በፌዴራል የአርበኞች ሆስፒታል የሚሠሩ ነርሶች ደግሞ ማኅበር ቢኖራቸውም የሥራ ማቆም አድማ ማድረግ አይፈቀድላቸውም። ስለዚህ በአንድ ከተማ ውስጥ ጎረቤት በሆኑ ሁለት ሆስፒታሎች የሚሠሩ ሁለት ጓደኛሞች ፈጽሞ በተለያየ ሕግ ሊተዳደሩ ስለሚችሉ፣ «በእኛ ጋ እንዲህ ነው የሚደረገው» የሚል የጓደኛ ምክር ለዚህ ጉዳይ አይበቃም።

ከኢትዮጵያ የመጣን ሰዎች አንድ የተሳሳተ ግምት ይዘን እንገባለን። በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች እጅግ አስፈላጊ የሕዝብ አገልግሎት ከሚሰጡ ድርጅቶች መካከል ስለሚቆጠሩ ሠራተኞቻቸው ሥራ ማቆም አይችሉም። ያንን የሚያውቅ ሰው እዚህም የነርስ አድማ ሕገ ወጥ ይመስለዋል። በአሜሪካ የግል ሆስፒታል ግን አድማ ሕጋዊ ነው፤ ሕጉ የሚጠይቀው ከዚህ በታች የሚብራራው ማስታወቂያ በወቅቱ እንዲሰጥ ነው።

ቻርጅ ነርስ ከሆኑ፣ ማለትም በሺፍቱ የክፍሉን ነርሶች የሚያስተባብሩ ከሆነ፣ ሕጉ «ሱፐርቫይዘር» ከሚላቸው ሰዎች የሚመደቡ መሆን አለመሆንዎን አስቀድመው የማኅበሩን ጠበቃ ይጠይቁ። ሱፐርቫይዘር በማኅበሩ ውክልና ውስጥ አይካተትም፤ ጥያቄውም ከ2006 ጀምሮ ይህን ሕግ በሚያስፈጽመው የፌዴራል የሠራተኛ ግንኙነት ቦርድ ውሳኔዎች ሲያከራክር የቆየ ነው።

ቀኖቹን ወደ ኋላ ይቁጠሩ

ነባሩ ስምምነት የሚያበቃበት ቀን በመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ ተጽፎ ይገኛል። ከዚያ ቀን ቢያንስ 90 ቀን አስቀድሞ ስምምነቱን ለማሻሻል መፈለጉን ማኅበሩ ለሆስፒታሉ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ ቢያንስ 60 ቀን አስቀድሞ ደግሞ ኤፍ-7 በሚባለው ቅጽ ለፌዴራሉ የአስታራቂነት መሥሪያ ቤትና ለግዛቱ ተመሳሳይ መሥሪያ ቤት ይነገራል። ለምሳሌ ስምምነቱ ሜይ 31 የሚያበቃ ከሆነ የመጀመሪያው ማስታወቂያ ከማርች 2፣ ሁለተኛው ከኤፕሪል 1 ማለፍ የለበትም። ቀኑን ጥግ ድረስ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የዘገየ ቅጽ በኋላ ሊደረግ የታሰበን አድማ ሕጋዊነቱን ሊያሳጣው ይችላል። ገና የመጀመሪያ ስምምነታቸውን የሚደራደሩ ነርሶች ግን የጊዜ አቆጣጠራቸው ከዚህ ስለሚለይ ከማኅበሩ ጠበቃ ጋር መነጋገር አለባቸው።

ማስረጃውን ከሌሊት ሺፍት ይሰብስቡ

የነርሶች ድርድር ከሌላ ሠራተኛ ድርድር የሚለየው ዋናው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝ ብቻ ባለመሆኑ ነው። አንዲት ነርስ በአንድ ጊዜ ስንት ታካሚ ትይዛለች የሚለው ጥያቄ ከደመወዙ እኩል፣ አንዳንዴም በላይ ይከብዳል። አስተዳደሩም ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ አለው፦ «ክፍሎቻችን ለስንት ታካሚ ስንት ነርስ እንደሚመደብ በሚያሳየው ሠንጠረዥ መሠረት የተሟላ የሰው ኃይል አላቸው፤ የሚነሣው ቅሬታ የጥቂት ቀናት አጋጣሚ ነው።» ይህን መልስ የሚያፈርሰው ነርሶች በየሺፍቱ የሞሉት የተቃውሞ ቅጽ ነው፤ ይኸውም የተሰጠኝ ምድብ ለታካሚ አስጊ ነው፣ ተቃውሞዬን አስመዝግቤ ሥራዬን እቀጥላለሁ የሚል ወረቀት ነው። ስሙ ከማኅበር ማኅበር ቢለያይም ብዙዎቹ የነርስ ማኅበራት አላቸው።

ቅጹ ዋጋ የሚኖረው ግን በትክክል ሲሞላ ነው። «ሌሊቱ በጣም ከባድ ነበር፣ ሰው አልነበረም» የሚል ጽሑፍ ለጠረጴዛው አይረዳም። የሚረዳው እንዲህ ያለው ነው፦ «ሰዓት 0310። የሕክምናና የቀዶ ሕክምና ክፍል። 28 ታካሚዎች፣ 4 ነርሶች፤ በሠንጠረዡ መሠረት 6 ነርሶች መኖር ነበረባቸው። በ2315 ለቻርጅ ነርስ ተነገረ፤ በ2340 ለሌሊቱ ሱፐርቫይዘር ተደወለ፤ የተሰጠው መልስ ‹የሚላክ ሰው የለም› የሚል ነበር። የ2 ታካሚዎች መድኃኒት ከአንድ ሰዓት በላይ ዘገየ።» የታካሚ ስም፣ የክፍል ቁጥር ወይም ታካሚውን ለይቶ የሚያሳውቅ ነገር ፈጽሞ አይጻፍም፤ አንድ ስም እንኳ ከገባ ወሬው ከሰው ኃይል እጥረት ወደ ታካሚ ምስጢር ይዞርና ጽሑፉ ጸሐፊዋን መክሰሻ ይሆናል።

እኔ በነበርኩበት ኮሚቴ ስድስት ወር የተሰበሰቡትን ቅጾች በክፍል ስንለያቸው፣ ሐበሾች በብዛት ከምንሠራበት የሌሊት ክፍል የመጡት አራት ብቻ ነበሩ። እጥረቱ ሳይኖር ቀርቶ አይደለም። አንዷ «ቻርጇ ጓደኛዬ ናት፣ እንዴት አድርጌ አስወቅሳታለሁ?» አለችኝ፤ ሌላዋ የግሪን ካርዷ ጉዳይ በዚያው ሆስፒታል በኩል ስለነበር ፈራች። የመጀመሪያዋ መረዳት የነበረባት ቅጹ ቻርጅ ነርሷን የሚከስ ሳይሆን፣ እርሷም «ሰው ላኩልኝ» ብላ መጠየቋን የሚመሰክርላት መሆኑን ነው። የሁለተኛዋን በተመለከተ፣ በማኅበር እንቅስቃሴ ምክንያት የሚደረግ የበቀል እርምጃ የዜግነት ሁኔታ ሳይለይ የተከለከለ ነው፤ ሆኖም ፍርሃቷን ተራ ነገር አድርጎ ማለፍ አይገባም፤ ከቀጣሪው ጋር የፈረመችውን ውል የሥራና የኢሚግሬሽን ጠበቃ እንዲያየው ማድረግ የኮሚቴው ኃላፊነት ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለውን ተረት እናውቀዋለን፤ ሺፍት ሲያልቅ፣ እግር አብጦ፣ ልጅ ትምህርት ቤት መድረስ ሲኖርበት አስር ደቂቃ ተቀምጦ ቅጽ መሙላት ግን ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ኮሚቴው በየክፍሉ አንድ ሰው መድቦ፣ ቅጹ በስልክ የሚሞላበትን መንገድ ማመቻቸትና ከተሞላ በኋላ ቅጂው ለማኅበሩ መድረሱን ማረጋገጥ አለበት።

ከቅጾቹ ጎን ለጎን ማኅበሩ ለሆስፒታሉ የመረጃ ጥያቄ ያቀርባል። ሕጉ አሠሪው ለድርድሩ አግባብነት ያለውን መረጃ እንዲሰጥ ያስገድዳል። የእያንዳንዱ ክፍል የአንድ ዓመት የምድብ መዝገብ፣ ለጊዜያዊ ነርስ አቅራቢ ኤጀንሲዎች የተከፈለው ገንዘብ፣ የኦቨርታይም ሰዓት፣ ሥራ የለቀቁ ነርሶች ቁጥርና የአገልግሎት ዘመናቸው፣ የጤና መድኅን ወጪ፣ እያንዳንዱ ነርስ የሚገኝበት የደመወዝ እርከን በዝርዝር ይጠየቃሉ። ሆስፒታሉ በድርድሩ መካከል «የመክፈል አቅም የለኝም» ካለ፣ ከ1956ቱ የትሩዊት ጉዳይ ጀምሮ በጸናው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ መሠረት ማኅበሩ የሂሳብ ማስረጃውን መጠየቅ ይችላል። ልምድ ያለው የአስተዳደር ጠበቃ ለዚህ ነው «አልችልም» የማይለው፤ የሚለው «አልፈልግም» ወይም «ከገበያው ጋር አይሄድም» ነው። ማስታወሻ የምትይዘው አባል የትኛው ቃል እንደተነገረ በትክክል መጻፍ አለባት።

ለታካሚ ደኅንነት ክርክር የምርምር ድጋፍም አለ። በ2002 በሊንዳ ኤይከን የተመራውና በፔንስልቬንያ ሆስፒታሎች ላይ የተሠራው ጥናት፣ በአንዲት ነርስ ላይ አንድ ታካሚ በተጨመረ ቁጥር የቀዶ ሕክምና ታካሚ በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድል 7 በመቶ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ካሊፎርንያ በ1999 ያወጣችውና በ2004 ሥራ ላይ ያዋለችው የቁጥር ገደብ ሕግም በጽኑ ሕሙማን ክፍል ለአንዲት ነርስ ከሁለት ታካሚ በላይ አይፈቅድም። እነዚህን መጥቀስ ተገቢ ነው፤ ዳሩ ግን ከራስ ሆስፒታል የመጡ ሁለት መቶ ቅጾች ከየትኛውም ጥናት ይልቅ ያስጨንቃሉ።

የደመወዝ ጥያቄውን በእርሳስ ይሥሩት

ብዙ ነርሶች የመቶኛውን ቁጥር ብቻ ይሰማሉ። በ2023 ጃንዋሪ በኒውዮርክ ማውንት ሳይናይና ሞንቲፊዮሪ ሆስፒታሎች ወደ 7,000 የሚጠጉ ነርሶች ሦስት ቀን ሥራ አቁመው ሲመለሱ የተነገረው 19.1 በመቶ ጭማሪ በሦስት ዓመት የተከፈለ ነበር፤ 7፣ 6 እና 5 በመቶ። ድምሩ 18 ሆኖ ሳለ 19.1 የሆነው እያንዳንዱ ጭማሪ ባለፈው ጭማሪ ላይ ስለሚታሰብ ነው።

ቅደም ተከተሉም ዋጋ አለው። በሰዓት 42 ዶላር የሚከፈላት፣ በሁለት ሳምንት 72 ሰዓት፣ በዓመት 1,872 ሰዓት የምትሠራ ነርስ እንውሰድ። ሆስፒታሉ 3፣ 3 እና 4 በመቶ ቢያቀርብ፣ ማኅበሩ ደግሞ 4፣ 3 እና 3 ቢጠይቅ፣ በሦስተኛው ዓመት በሁለቱም መንገድ የሰዓት ክፍያዋ 46.34 ዶላር ነው። ነገር ግን ትልቁ ጭማሪ በመጀመሪያው ዓመት ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ ወደ 1,600 ዶላር የሚጠጋ ተጨማሪ ገንዘብ ታገኛለች። አስተዳደሩ «ያው ነው እኮ» ሲል ይህን ሂሳብ በወረቀት ማሳየት ይገባል።

ቀጥሎ የጤና መድኅን መዋጮው ይታያል። የ3 በመቶ ጭማሪ ለዚህችው ነርስ በየሁለት ሳምንቱ 90.72 ዶላር ያመጣል፤ መዋጮዋ በዚያው ጊዜ በ60 ዶላር ከፍ ካለ ከግብር በፊት የቀራት 30.72 ዶላር ብቻ ነው። ስለዚህ የደመወዙና የመድኅኑ አንቀጾች ተለያይተው መዘጋት የለባቸውም። በመቶኛ የሚሰጥ ጭማሪ ነባሮችን፣ በዶላር የሚሰጥ ጭማሪ አዲሶችን እንደሚጠቅምም ኮሚቴው አስቀድሞ በመካከሉ ተነጋግሮ ይወስን፤ አስተዳደሩ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከራከሩበት መታየት አደገኛ ነው።

በጠረጴዛው ላይ

በአንደኛው ስብሰባ የድርድሩ ሥርዓት ይወሰናል፦ የት፣ መቼ፣ ለምን ያህል ሰዓት፣ ሌሎች ነርሶች ገብተው መታዘብ ይችሉ እንደሆነ፣ የኮሚቴ አባላት ለሚቀሩበት ሺፍት ይከፈላቸው እንደሆነ። ዝም እንድትሉ የሚያስገድድ የምስጢር ስምምነት ከቀረበ አይቀበሉ፤ የሚሆነውን የማያውቅ አባል በመጨረሻ ድጋፍ አይሰጥም።

ንግግሩን አንድ ሰው ይመራል፤ ሌላው ሲጠየቅ ብቻ ይናገራል፤ ሁለት ሰው ማስታወሻ ይይዛል። እዚህ ላይ ለእኛ የሚሆን ልዩ ማሳሰቢያ አለ። በአማርኛ ሰው ሲያወራልን «እሺ፣ እሺ» እያልን መስማት ጨዋነት ነው፤ «እየሰማሁህ ነው» ማለት እንጂ «ተስማማሁ» ማለት አይደለም። በእንግሊዝኛ ስንናገርም ይኸው ልማድ «ኦኬ፣ ኦኬ» ሆኖ ይወጣል። በጠረጴዛው ማዶ የምትጽፈው የአስተዳደሩ ሰው ግን ይህን እንደ ስምምነት ልትመዘግበው ትችላለች። ስለዚህ ዝም ብሎ መስማትን፣ ካስፈለገም «ሐሳቡን ሰምተናል፤ መልሳችንን በጽሑፍ እናቀርባለን» ማለትን ይለማመዱ። ያልተጠበቀ ሐሳብ ሲመጣ ፊት ለፊት ከመከራከር ይልቅ ኮከስ መጠየቅ፣ ማለትም ለብቻ ወጥቶ መመካከር ይሻላል፤ የፈለጉትን ያህል ጊዜ መጠየቅ ነውር የለውም።

የቃላቱ ነገር ከሁሉም ይበልጣል። በስምምነቱ እንግሊዝኛ «ሻል» የሚለው ቃል ሆስፒታሉን ያስገድደዋል፤ «ሜይ» የሚለው ምርጫውን ለእርሱ ይተዋል፤ «ሪዝነብል ኤፈርት» የሚለው ሐረግ ደግሞ ጥሬያለሁ ብሎ ለማምለጥ በሩን ክፍት ያደርጋል። «ሆስፒታሉ ለእያንዳንዷ ነርስ ከአምስት በላይ ታካሚ እንዳይመደብ ተገቢውን ጥረት ያደርጋል» የሚል አንቀጽ በእጅ ላይ ካለ፣ ቁጥሩ ቢጻፍም የሚያስፈጽመው የለም። ጥያቄው ሁልጊዜ ይህ ይሁን፦ ሆስፒታሉ ይህን ቢጥስ ነገ ምን ይደረጋል? የ2023ቱ የኒውዮርክ ስምምነት የተለየው ለዚህ ነው፤ የቁጥሩ ጥሰት ወደ ግልግል ዳኛ እንዲሄድና ዳኛውም ሆስፒታሉ ለነርሶቹ ገንዘብ እንዲከፍል ማዘዝ እንዲችል አድርጓል።

አንድ አንቀጽ ላይ ሲስማሙ ሁለቱም ወገን ቀን ጽፈው በፊርማ ምልክት ያደርጉበታል፤ ነርሶች «ቲኤ» የሚሉት ይህ ነው። ከመፈረም በፊት ሙሉው ጽሑፍ ጮክ ተብሎ ይነበብ። ሕጉ ሁለቱም ወገኖች በቅን ልቦና እንዲደራደሩ ያዛል እንጂ እንዲስማሙ ወይም ነጥብ እንዲለቁ አያስገድድም፤ ስለዚህ የአስተዳደሩ «አይሆንም» ማለት ብቻውን ሕግ መጣስ አይደለም።

ከጠረጴዛው ውጭ፣ እስከ አድማ ማስታወቂያ

በጤና ተቋም አድማ ለማድረግ ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ ለሆስፒታሉና ለፌዴራሉ አስታራቂ መሥሪያ ቤት፣ ቀኑንና ሰዓቱን የሚገልጽ ማስታወቂያ በጽሑፍ መሰጠት አለበት። ብዙ ሰው የማያውቀው ይኸው የ10 ቀን ግዴታ በሆስፒታሉ በር ላይ ሰሌዳ ይዞ ለሚደረግ ሰልፍም፣ ተነጋግሮ በጋራ ኦቨርታይም አልሠራም ለማለትም መሥራቱን ነው። ሰልፉ ሥራ ካለቀ በኋላ ቢሆንም ያው ነው።

አስታራቂው ሲመጣ እንደ አገራችን ሽማግሌ አይጠብቁት። «ተዉ፣ ለእኔ ስትሉ» ብሎ የሚገሥጽ አይደለም፤ የመወሰን ሥልጣንም የለውም። ሁለቱን ወገን በተለያየ ክፍል አስቀምጦ ሐሳብ ያመላልሳል፤ ለእርሱ የሚነገረው ነገር የትኛው ለማዶው እንዲደርስ፣ የትኛው እንዳይደርስ እንደሚፈልጉ በግልጽ ይንገሩት።

ማስታወቂያው ራሱ የመደራደሪያ መሣሪያ ነው። በሚኒሶታ በ2022 ሴፕቴምበር ወደ 15,000 የሚጠጉ ነርሶች ለሦስት ቀን ሥራ አቁመው ነበር፤ ስምምነቱ የተገኘው ግን ለዲሴምበር 11 ሁለተኛ ማስታወቂያ ከተሰጠ በኋላ፣ ቀኑ ሳይደርስ በዲሴምበር 6 ነው። በሌላ በኩል በማሳቹሴትስ ዉስተር የሴንት ቪንሰንት ሆስፒታል ነርሶች በ2021 ማርች የጀመሩት አድማ 301 ቀን ፈጅቷል። የሰው ኃይሉን ጥያቄ በኦገስት ከተስማሙበት በኋላ ወራት የወሰደባቸው አድመኞቹ ወደ ቀድሞ የሥራ ቦታቸው ይመለሱ አይመለሱ የሚለው ጥያቄ ነበር። ስለ መመለሻው የሚናገር ጽሑፍ አድማው ከመጀመሩ በፊት ተረቅቆ መገኘት ያለበት ለዚህ ነው።

ለአድማው ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ለአባላት እውነቱ ይነገር። የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄን ብቻ መነሻ ያደረገ አድማ ላይ ሆስፒታሉ ቋሚ ተተኪ መቅጠር ይችላል፤ የአሠሪውን የሕግ ጥሰት በመቃወም የተደረገ አድማ ላይ ግን አይችልም። በአድማው ቀናት ደመወዝ አይከፈልም፤ አድማው ከረዘመ የጤና መድኅኑም ሊቋረጥ ይችላል። ተተኪ አቅራቢ ድርጅቶች ብዙ ጊዜ ከአምስት ቀን ያነሰ ውል ስለማይቀበሉ ነርሶቹ የአንድ ቀን አድማ ወጥተው አምስት ቀን በር ሊዘጋባቸው ይችላል። በየወሩ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ላለ ቤተሰብ ገንዘብ የምትልክ ነርስ ይህን ከሁለት ወር በፊት ማወቅ አለባት፤ በዋዜማው ሳይሆን።

ማጽደቅና ከዚያ በኋላ

ሙሉው ጊዜያዊ ስምምነት፣ ማጠቃለያው ብቻ ሳይሆን፣ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ለአባላት ይሰጥ። ወደ ኋላ ተመልሶ የሚከፈል ገንዘብ ካለ ከየትኛው ቀን ጀምሮ፣ ለየትኛው ሰዓት፣ ኦቨርታይምንና የሌሊት ተጨማሪ ክፍያን ያካትት እንደሆነ፣ በመካከሉ ሥራ የለቀቀ ሰው ያገኝ እንደሆነ በቃል ሳይሆን በአንቀጹ ውስጥ መጻፉን ያረጋግጡ።

ከጸደቀ በኋላ በሚመጣው የመጀመሪያ የደመወዝ ወረቀት ላይ የሰዓት ክፍያው ከአዲሱ እርከን ሠንጠረዥ ጋር መግጠሙን፣ የመድኅኑ መዋጮ በተስማሙበት ልክ መቆረጡን እያንዳንዷ ነርስ ታመሳክር። የማይገጥም ካለ ወዲያውኑ ቅሬታ በጽሑፍ ይቅረብ፤ የቅሬታ ማቅረቢያው ጊዜ በብዙ ስምምነቶች በቀናት የሚቆጠር ነው፣ ቆጠራውም የሚጀምረው ወረቀቱ እጅ ከገባበት ቀን ሊሆን ይችላል።